የምድር ቤቱ አሲድ

ባለቤቴ ዕድሜውን በኬሚስትሪ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ስዊድን፣ ሄሰልቢ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ የብር መስቀል መሥራት ጀመረ። ክርስትና የሚነሱ የማኅበራችን ልጆች አንገታቸው ላይ የሚያስሩት የእሱን ነው። ብሩን ለማጽዳትና ለመፈተን አሲድ ያስፈልገዋል፤ አሲዶቹን ደግሞ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃቸው። እያንዳንዱ በመጣበት ጠርሙስ፣ ጽሑፉ ወደ ፊት ዞሮ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ቢፈስ በሚያቁር የላስቲክ ትሪ ውስጥ ይቀመጣል። ናይትሪክ የሚባለው አሲድ ለብቻው ነው፤ ቶሎ የሚቀጣጠለው አሴቶን አጠገቡ ድርሽ አይልም። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከኪሱ አይወጣም።

«ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ተጠንቅቀህልኝ ታውቃለህ?» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

«አንቺ አትፈሺም» ይለኛል።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ነገሩን። እኔ ግን እጁ ሥራውን እስካልረሳ ድረስ ምድር ቤቱን አልነካበትም ብዬ ወሰንኩ። እሱን ከነሳሁት ምን ይቀረዋል?

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ምንም ሳልቀምስ ጸበል ልጠጣ ብዬ፣ ከምጸልይበት ቅዱስ ሥዕል ሥር ያለውን የላስቲክ ጠርሙስ ከፈትኩ። አፍንጫዬን ለበለበኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ናይትሪኩ ነው። የጸበሉን ጠርሙስ ምድር ቤት ወስዶ፣ ጸበሉን ደፍቶ፣ አሲዱን ገልብጦበት፣ ቦታው መልሶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ጠርሙሱን ከድኜ እያሳየሁት።

«ጸበል ነዋ» አለና እንዳፈስለት መዳፉን ዘረጋልኝ።

የተዘረጋውን መዳፍ እያየሁ አለቀስኩ። ቁልፉን ከኪሱ ያወጣሁት የዚያን ዕለት ነው።

ጠርሙሶቹን በየትሪያቸው መኪና ላይ ጭኜ፣ እሱንም ይዤ ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያው ሄድኩ። እዚያ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ የትኛው ከየትኛው ጋር መቀመጥ እንደሌለበት ለሠራተኛው ጥርት ባለ ስዊድንኛ አስረዳው። አንድም አልሳተም። ያገባሁት ሰውዬ ራሱ ነበር የቆመው። ሁሉንም መልሼ ልጭን ቃጣኝ፤ ግን አልጫንኩም።

ስንመለስ ቬሊንግቢ የሚባለውን ሰፈር እንዳለፍን ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሁሉ አሲድ የማን ነበር?»

«የባለቤቴ ነበር» አልኩት።

ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ «እግዜር ያጥናዎት» አለኝ።

«አሜን» አልኩት።