የመንጋጋዬን ደም ስመልስ

ያ ሐኪም በሕይወት መኖሩን ስሰማ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ማንን ልበቀል?

ነገሩን የቀሰቀሰችው ልጄ ናት። ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ጥርሷን ላሳጥብ ወስጃት ራጅ ስትነሳ፣ በሁለት የኋላ መንጋጋዎቿ መካከል ትንሽ ጥላ ታየ። መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ልጄን ጎትቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም፤ የእኔም እዚያው ቦታ ነበርና የጀመረው።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ መገናኛ አካባቢ ያለ ሐኪም እንዲህ ያለችውን ጥላ አየና፣ እንኳን ሊያማክረኝ ምን እንዳየም ሳይነግረኝ መሰርሰሪያውን አነሳ። በመካከል ያለችው ነጥብ ጋ ለመድረስ ጤነኛውን የጥርሴን አናት ቦርቡሮ ወረደ። ሞላው። ሙሌቱ ወለቀ፤ አስፍቶ ቦርቡሮ እንደገና ሞላው። በመጨረሻ ጥርሴ ለሁለት ተሰነጠቀና ሌላ ሐኪም ነቀለልኝ። ከዚያ ወዲህ ቆሎ የምቆረጥመው በአንድ ጎኔ ነው።

"ዶክተር፣ ልትቦረቡሪያት ነው?" አልኳት ወጣቷን ሐኪም።

"ኧረ በጭራሽ! ገና ሽፋኑ ላይ ነው፣ አልተሸነቆረም። ደህናውን ጥርስ ለምን እቆርጣለሁ?"

በሁለቱ ጥርሶች መካከል ስስ ፕላስቲክ ሸጉጣ ጥቂት አራራቀቻቸው። ቦታውን በመድኃኒት አጥባ አደረቀችውና ውኃ የመሰለ ሙጫ ቀብታ ጥርሱ እስኪመጠው ጠበቀች፤ ከዚያ በሰማያዊ መብራት አጠነከረችው። መርፌ የለ፣ ጩኸት የለ።

"እማ፣ አለቀ እኮ! ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ ልጄ።

ለእሷ አልነበረም የማለቅሰው። የእኔም እንዲህ ይድን ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ያኔ ይህ ሙጫ አገራችን አልገባ ይሆናል፤ ግን ፍሎራይድ ቀብቶ በራጅ እየተከታተለ መጠበቅ ይቻል ነበር አለችኝ። ቁጭቱ አንጀቴን አሳረረው።

በእሑዱ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጸለይኩም። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ምን እንደማደርገው አሰብኩ። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ያደረገኝን አምኖ በሰው ፊት እንዲያፍር።

ሰውዬው ዛሬም እዚያው መገናኛ ይሠራል። ሄጄ ካርድ አወጣሁና ተራ ያዝኩ። ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ ደንብ አለን፤ አጠገባችን የተቀመጠውን "ምንህን ነው?" እንላለን፣ የራሳችንን እናወራለን፣ ያልተጠየቅነውን ምክር እንለግሳለን። እኔም ደንቡን አከበርኩ።

"መሃል ላይ ትንሽ ጅምር አለ ብለውኝ ላስሞላ ነው" አለችኝ አጠገቤ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

"ራጁን ያሳዩሽ። ሳይቦረቦር ይድን እንደሆነ ጠይቂ" አልኳትና ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ታሪኬን ዘረገፍኩት። እንደዚያ ቀን ወሬ ጣፍጦኝ አያውቅም።

"ተይ ልጄ፣ የሰው ስም አይጠፋም" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። አልተውኩም።

ጫጫታውን ሰምቶ ሐኪሙ ወጣ። ሸብቷል። በሆዴ ስንት ዓመት የሰደብኩትን ሰው ፊት ለፊት ሳገኘው አንደበቴ ታረመብኝ።

"ይህን ያስታውሱታል?" አልኩና ጉንጬን በጣቴ ገልጬ ባዶውን ቦታ አሳየሁት።

ጎንበስ ብሎ አየ። ከልቡ አዘነ።

"ውይ የኔ ልጅ! ምን ዓይነቱ ሐኪም ነው እንዲህ የተጫወተብሽ? በጊዜ እኔ ጋ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ አድንልሽ ነበር።"

"በጊዜማ መጥቼ ነበር" አልኩት። "እርስዎ ጋ።"

ተማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እሱ ግን እኔን ለማስታወስ እየሞከረ አሁንም አፌን ያያል።