የእትዬ ካርቦን ሰባ ሁለት ወረቀቶች

ስሙን ያወጣላት በሥዕል ትምህርቱ አብሯት የሚማረው ፀጉር አስተካካይ ነው። የሁለት ልጆች አባት ሆኖ እንኳ አፉ አያርፍም። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ ስትስል አየና «እትዬ፣ ወረቀቱ ምን በደለዎት?» አላት። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት መሥራቷን ስትነግረው ደግሞ «በቃ፣ እትዬ ካርቦን!» ብሎ አረፈው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራታል፤ እሷም አልጠላችውም።

እውነቱን ነው። በመዝገብ ቤቱ ቅጽ የሚሞላው በሦስት ኮፒ ነበር፣ በመሃል በመሃል ካርቦን እየተደረገ። ሦስተኛው ኮፒ አልነበብ ካለ አለቃው ያገኘው ሰው ላይ ይጮሃል። እሷም ሦስተኛውን ለማስነበብ ስትል መጫን ለመደች፤ እጇ እንደዚያው ቀረ። ከዚያ ኮምፒውተር ገባ፣ ካርቦኑ ወጣ፣ እሷም ወጣች። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ሲያወሩት ቀላል ነው! ልጇ ሥራ ትሄዳለች፣ የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እሷ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተፋጣ ትውላለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች።

አንድ የሕፃናት ፊልም የሚሠራ ድርጅት በእጅ የሚሳል አኒሜሽን አስተምሮ ሰው ሊቀጥር ነው ሲባል ማንንም ሳታማክር ተመዘገበች። ልጇ ሰምታ ሳቀች።

«እማዬ፣ ካርቱን? በዚህ ዕድሜሽ?»

«አዎ ካርቱን! የሚስለው እጄ ነው እንጂ ዕድሜዬ ነው እንዴ?»

ትምህርቱ ስድስት ሳምንት ነው። ከዘጠኙ ተማሪዎች አራቱ ይቀጠራሉ፤ የቀሩት ወደየቤታቸው። እትዬ ካርቦን ደግሞ ወደዚያ ግድግዳ ከመመለስ ሌላ የመጣ ይምጣ ብላለች።

መጀመሪያ ኳስ አነጠሩ። ኳሷ ስትወድቅ ሥዕሎቹ እየተራራቁ፣ አናት ላይ ስትደርስ እየተቀራረቡ መሄድ አለባቸው፤ መሬት ስትነካ ደግሞ ጠፍጠፍ ትላለች። የእትዬ ካርቦን ኳስ ግን እንደ ሊፍት በእኩል ፍጥነት ወጥታ ወረደች። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። አልተቀየመችም፤ ቅዳሜ የልጅ ልጇን ኳስ ተውሳ ግቢው ውስጥ ስታነጥር ዋለች። ጎረቤት ያለውን ይበል። በሁለተኛው ሳምንት ኳሷ ኳስ ሆነች።

አሳሳሉንም ለመደችው። ያለቀውን ሥዕል ከስሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ታስቀምጣለች፣ አዲስ ወረቀት በላዩ ትደርባለች፣ ከስር የሚታየውን እያየች ትንሽ ብቻ አሳልፋ ትስላለች። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ ይበሱና በሁለት ችንካር ላይ ይሰካሉ። ወረቀት መብሳትማ የማን ሥራ ሆነና!

አስተማሪዋ የልጇ እኩያ ናት። «እትዬ፣ እጅዎን ያቅልሉት። ከስር ያለውን ወረቀት እኮ አቆሰሉት» ትላለች በየቀኑ። «ደግሞ ጥጉ ላይ ቁጥር መጻፍ እንዳይረሱ።»

«እሺ የኔ ልጅ» ትላለች እትዬ ካርቦን። እጇንም አታቀልም፣ ቁጥሩንም አትጽፍም። አውቃ አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ቅጽ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ጥጉ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ታትሞበት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ራሱን ሲቆጥርላት ኖሮ አሁን እሷ ከየት ታምጣው?

ለመጨረሻው ፈተና ገመድ የምትዘል ልጅ ሳለች። የልጅ ልጇን ነው፣ ምላሷን በአንድ በኩል ወጣ አድርጋ። ለስድስት ሴኮንድ ሰባ ሁለት ሥዕል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ የተሳለ። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ በካሜራ በሚቀረጹበት ቀን ጠዋት ቁልሉን አቅፋ ደረጃውን ስትወጣ ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ ሲወርድ ተላተሙ። ወረቀቱ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ተበተነ።

«ምነው እግሬን በሰበረው!» እያለ ወርዶ ለቀመላት። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረገጠም። «ይኸው፣ ሰባ ሁለት። በሉ እንደርድራቸው። ቁጥራቸው የታለ?»

እትዬ ካርቦን ጥጎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች፤ ቁጥር የሚባል የለም።

ገመድ ዘላይ ደግሞ ክፋቷ! ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሰባ ሁለቱም ላይ ያው ፊት፣ ያው ምላስ። የቱ የስንተኛው ዝላይ እንደሆነ የሳለችው ራሷ አታውቅም። ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል።

አስተማሪዋ መጣችና ወረቀቱን አይታ አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ ምናልባት የሚቀጥለው ዙር ላይ...»

«መቼ ነው እሱ?»

«የዛሬ ዓመት።»

«ዓመት? አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ግድግዳ ሳይ ልክረም? አልችልም የኔ ልጅ። እውነቴን ነው፣ አልችልም።»

ሰው ፊት ማልቀስ አትወድም። ፊቷን ለመሸሸግ አንዱን ወረቀት አንስታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ብርሃኑ ወረቀቱን በጎን መታው። በእርሳስ የተሳለችው ልጅ እግሯ መሬት ላይ ነው። በሷ ላይ ግን ቀለም የሌላት ሌላ ልጅ አለች፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጉዳ ተጭናለች፣ ተረከዟ ብድግ ብሏል። እትዬ ካርቦን በጣቷ ዳሰሰቻት። ካርቦኑ ያለቀበትን ሦስተኛ ኮፒ ስንቴ እንዲህ እየዳሰሰች አንብባለች! ይህቺኛዋን የሳለቻት ከላይ በደረበችው ወረቀት ላይ ነበር፤ የምትቀጥለዋ ልጅ ናት።

«አስተካካይ!» ብላ ጮኸች። «ተረከዟ ብድግ ያለውን፣ ገመዱ ጉልበቷ ጋ የደረሰውን ፈልግልኝ!»

«ይቺ ናት?»

«አይደለችም፣ ፀጉሯን እይ እንጂ።»

«ፀጉርማ ለኔ ይተዉት!»

እውነትም ለሱ ነው። የትኛው ዝላይ ላይ ፀጉሯ ወደየት እንደተበተነ አንዴ አይቶ ይለያል። ምንም ያልተጫነበት ወረቀት አንድ ብቻ ተገኘ፤ በላዩ ሌላ አልተደረበማ፣ እሱ የመጨረሻው ሆነ። ሌሎቹን አንድ በአንድ አገጣጠሙ። አስተካካዩ ከኋላዋ እየተከተለ ቁጥር ጻፈባቸው፤ በዚህ በዚህስ አላመናትም። የራሱን ሥራ ሊያይ የነበረበትን ሰዓት ሁሉ እዚያው ወለሉ ላይ ጨረሰው። ተራዋ ሲጠራ ሰባ ሁለቱም ወረቀቶች ቦታቸውን ይዘዋል።

ስክሪኑ ላይ ልጅቷ ዘለለች። ምላሷን አውጥታ፣ ገመዱ አንዴም ሳያደናቅፋት። አስተማሪዋ ሁለቴ ደግማ አየችው።

«ክብደት አላት» አለች። «መሬት ስትረግጥ ይሰማኛል።»

ከሰዓት በኋላ አራት ስም ተጠራ። የሷ ሦስተኛ፣ የአስተካካዩ አራተኛ። እፎይ! እትዬ ካርቦን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «ሰኞ ሥራ እገባለሁ!» አለች። ልጇ ያንን ሁሉ ሳቋን ረስታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። የልጅ ልጇ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ ዘለለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ካርቦን የራሷ መስታወት ፊት ተቀመጠች። እርሳሷን ቀረጸች። ምንም ነገር ከመሳሏ በፊት የመጀመሪያው ወረቀት ጥግ ላይ 1 ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ስታነሳው ከስር ባለው ባዶ ወረቀትም ላይ ያው 1 ሰርጉዶ ወጥቶ ነበር።