ቁልቁለት የለመደ እጅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስተማሩኝ ማርሽ ማስገባት ሳይሆን ማውጣት ነበር። ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር ከአሰላ ቁልቁል ስንወርድ ማርሹን አውጥተው መኪናዋን በፍሪ ለቀቋትና፣ «ከድር፣ ቁልቁለት የፈጣሪ ናፍታ ነው» አሉኝ። እኔም ይህን ምክር ይዤ የአርሲን ዳገትና ቁልቁለት ሠላሳ ዓመት ተመላለስኩበት። አደገኛ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ናፍታ ውድ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ ለሾፌሮች ማኅበራችን አንዲት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ለሙከራ መጣች። መስመሯ ከአሰላ አቦምሳ ደርሶ መልስ ሆነ። አቦምሳ ቆላው ጫፍ ላይ ስላለች መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ይበዛዋል፤ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ደግሞ አሰላ ብቻ ነው። ሊቀመንበራችን አቶ ለማ መንገዱን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። የሁለት ቀን ሥልጠናም ነበር፤ ይህ ለጀማሪ ነው ብዬ በደንብ አልሰማሁም።

በመጀመሪያው ቀን ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ደስ አለው። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። ቅቤ ነጋዴዋ አዴ ዘይነባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በመኪና ሲሄዱ የጎረቤታቸውን ወሬ እስከ መጨረሻው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩን። ስንመለስ ግን ዳገቱ መሀል ባትሪው አለቀና በገልባጭ መኪና ተጎትተን አሰላ ገባን። መናኸሪያ የነበሩ ሾፌሮች እንደ ሙሽራ በጭብጨባ ተቀበሉን።

በማግስቱም ተጎተትን። አቶ ለማ አስጠሩኝና ሦስተኛ ጊዜ ከተጎተተች ወደመጣችበት እንደምትመለስ ነገሩኝ። ከፋኝ። ስንት ዓመት ከናፍታ ሽታ ጋር የኖረ ራስ ምታቴ በሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ወድጃታለሁ፤ በስተርጅና የመጣ ፍቅር ደግሞ አያድርስ ነው።

ሙከራውን የምትመዘግበው ከጎጃም ተመድባ የመጣች ትዕግሥት የምትባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበረች። እንዴት እንደነዳሁ ስትጠይቀኝ ሁለቱንም ቀን በደንቡ ነው አልኳት። ሪፖርቷ መንገዱ ለዚህች መኪና አይሆንም ወደሚል እያዘነበለ ነበር። ከመላኳ በፊት ግን በሦስተኛው ቀን አብራኝ ተሳፈረች።

ቁልቁለቱ እንደጀመረ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ጋሽ ከድር፣ አሁን ምን አደረጉ?»

«ምንም።»

«እስቲ እጅዎን ይዩት።»

አየሁት። የማርሽ ማዞሪያው ላይ ነው፤ ማርሹም ወጥቷል። እምላለሁ፣ እኔ አላዘዝኩትም። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ፈቃድ አይጠይቅም።

ትዕግሥት አልተቆጣችም። ማርሹ ካልወጣ ቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን መልሶ እንደሚሞላው፣ ከወጣ ግን ያ ሁሉ ቁልቁለት በከንቱ እንደሚቀር አስረዳችኝ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ የፈጣሪን ናፍታ መንገድ ላይ ስደፋ ኖሬአለሁ። አፈርኩ።

አዴ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ዘበኛ አድርገው ሾሙ። እጄ ወደ ማዞሪያው በሄደ ቁጥር በጃንጥላቸው እጀታ እየመቱ «ሀርካ!» ይላሉ፤ በኦሮምኛ እጅህን ማለታቸው ነው። ትንሽ ቆይቶ መኪናው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ሀርካ!» ማለት ጀመረ። አቦምሳ እስክንገባ ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን።

ዳገቱን ስንመለስ የሚስቅ ጠፋ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ የባትሪውን ቁጥር ያያል። ትናንትና የቆምንባት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ አዴ ዘይነባ ቢስሚላህ አሉ። አለፍናት።

መናኸሪያ ስንገባ አቶ ለማ ወጥተው ሚኒባሷን ዞሩና ከፊቷ የታሰረ ገመድ ፈለጉ። የለም። ባትሪው ውስጥ ገና አሥር በመቶ ቀርቶ ነበር። አዴ ዘይነባ እልል አሉ፤ እኔም ሳላፍር አለቀስኩ።

ትዕግሥት መዝገቧን ስትከፍት አቶ ለማና ሾፌሮቹ በቆሙበት ነገርኳት።

«የሁለቱን ቀን ጥፋት በእኔ ስም ጻፊው። መኪናዋም መንገዱም ደህና ናቸው።»

ጻፈችው። ሚኒባሷ እዚያው መስመር ላይ ቀረች፤ እኔም ጡረታዬን ትቼ አዳዲስ ሾፌሮች አሠለጥንባታለሁ። የማስተምረው ሁለት ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አታውጡ። እንዴት ነዳችሁ ተብላችሁ ስትጠየቁ ከመመለሳችሁ በፊት እጃችሁን እዩት።