ጋቢና የመሰላቸው ፉርጎ

ልጅ ሳለሁ የጎጃሟ ከተማችን ይጁቤ መብራት አልነበራትም፤ የናፍጣ ሞተር ሲባልም የምናውቀው የወፍጮ ቤቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ የሠፈራችን ባለሱቅ አባባ እንድሪስ፣ በናፍጣ ተነሥቶ ኤሌክትሪክ እያመነጨ በዚያው ኤሌክትሪክ ስለሚሄደው ባቡር ሲያወሩልን አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ወርደው የባቡር ነጂ ሆነው ኖረዋል፤ በምሥራቁ ጦርነት ጊዜም ወታደርና ጥይት አመላልሰዋል።

ምሽት ላይ ሱቁ ሲዘጋ፣ ፋኖሱ ባንኮኒው ላይ፣ የከሰል ምድጃው እግራችን ሥር ሆኖ፣ ያኔ ወሬው ይጀመራል። ቁጡ ነበሩ፤ መሐል ላይ ያሳለ ልጅ እንኳ «ውጣና ስለህ ና!» ይባላል። ጎረቤታችንን እማማ የኔነሽን ግን አይቆጡም። የእማማ አንድ ልጅ ስንታየሁ በዚያው ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም፤ ሞተ የሚል ቃልም አልመጣላቸውም።

ወሬው ሁሌም አንድ ነው። ሐዲዱ ሥር ፈንጂ ይቀበራል፤ ስለዚህ ፈንጂው መጀመሪያ እሱን እንዲያገኝ አሸዋ የተጫነ ፉርጎ ከባቡሩ ፊት ይቀጠላል። አንድ ቀን ጠዋት አባባ እንድሪስ ሊነሡ ሲሉ አሸዋው ላይ ወታደሮች ተደርድረው አዩ። የጎጃም ልጆች ናቸው፤ ባቡር አይተው አያውቁም። በአውቶቡስ የክብር ቦታ ጋቢና ነውና፣ ቀድመን ፊቱን ያዝን ብለው ደስ ብሏቸዋል። «ውረዱ!» ቢሏቸው፣ ነጂው ቀናብን ብለው ሳቁ።

«ሞተሩን ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁት» ይሉ ነበር አባባ እንድሪስ። «አዛዣቸው ለምን አትነሣም ብሎ ሽጉጥ መዘዘብኝ። ብትፈልግ ግደለኝ፣ እነዚህ የሰው ልጆች ሳይወርዱ ንቅንቅ አልልም አልኩት። እያጉረመረሙ ወረዱ።» ብዙም ሳይሄዱ ፉርጎው ብትንትኑ ወጣ።

እዚህ ሲደርሱ እማማ ይጠይቃሉ። «ከነሱ መሐል ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ልጅ አላዩም?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ስሳደብ ፊታቸውን አላስተዋልኩም። ዋሽቼ ላጽናናዎት አልችልም።»

ያኔ በጣም እናደድባቸው ነበር። አይቼዋለሁ ቢሉ ምን አለበት!

እማማ ታመው አልጋ የያዙ ጊዜ አባባ እንድሪስ ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ሊጠይቋቸው መጡ፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

«ጋሽ እንድሪስ» አሉ እማማ በደከመ ድምፅ፣ «እስኪ እነዚያን ልጆች አንዴ ያውርዱልኝ።»

አባባ እንድሪስ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ውረዱ!» የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን እንደ ወትሮው አልጮኹም፤ በለሆሳስ አሉት።

«ወረዱ?»

«ወረዱ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ወረዱ፣ እትዬ። አንድም አልቀረ።»

እማማ «ተመስገን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያው ሳምንት ቀበርናቸው።

ስንታየሁ የት እንደ ወደቀ ዛሬም የሚያውቅ የለም። እኔ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ ወጣቶች ጋቢና ለመያዝ እየተሳሳቁ ሲጋፉ ሳይ፣ በዚህ ዕድሜዬም በአባባ እንድሪስ ድምፅ «ውረዱ!» ብዬ መጮህ ያምረኛል።