ያስገዘትኩበትን ልጄን ፍለጋ

ከንጋቱ 11፡30፤ ቢቸና መናኸሪያ

ሚኒባሱ “ሞልቷል፣ ሞልቷል” እየተባለለት አርባ ደቂቃ ቆመ። ሾፌሩ ድሮ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው፤ ማካፈል ሳይገባው ያለፈ። ዛሬ አሥራ ሁለቱን ወንበር ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ያካፍላል። “ቲቸር፣ ወዴት ነዎት በጠዋቱ?” ሲለኝ ለቅሶ አልኩት። ዋሸሁ።

እውነቱ ይኼ ነው። ይበልጣል የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በጫት ጀመረ፣ በክኒን ጨረሰ። ቴሌቪዥኑን ሸጠ፣ የሟች አባቱን ጋቢ ሸጠ፣ ትምህርቱንም ጥሎ መጣ። ጎረቤቶቼ መከሩኝ፤ ምክር እንደሆነ በቢቸና ሞልቶ የተረፈ ነው። በተለይ አጥር የምትጋራኝ ጥሩዬ “አስገዝቺበት” ብላ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። የንስሐ አባታችንን ጠርቼ፣ ልጁ የግቢዬን በር እንዳያልፍ፣ የሚያሳልፈውም ሰው የተገዘተ ይሁን አሰኘሁ። ያን ቀን ጀግና እናት ተባልኩ። ጀግናዋ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ እህል ነጋዴ ልጅሽን ሞጣ መናኸሪያ አጥር ሥር ተኝቶ አየሁት አለኝ። ግዝቱን እንዳላስፈታ የንስሐ አባታችን ሱባኤ ገብተዋል፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። እስከ ቅዳሜ አልቻልኩም።

1፡20፤ ደብረ ወርቅ

በግራ በኩል ጮቄ ጉሙን ተከናንቧል። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ ሾፌሩ አንዱንም እንዳይቀርበት ሁሉንም ይጎበኛል። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት ይሸጣል፤ እንቁላሉ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ።

ለቅሶ ማለቴ መኪናውን ሙሉ አዳርሷል። ዶሮ የታቀፈች ሴት እግዜር ያጥናሽ አለችኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ከኋላዬ የተቀመጠው ባለ ኮት ደግሞ የዘንድሮ ወጣት የተበላሸው ወላጅ ስለማይገርፍ ነው እያለ እስከ ፈለገ ብርሃን ሰበከን። ዘወር ብዬ ባየው ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። እንዲህ ያለውን መካሪ አያሳጣን!

3፡40፤ ሞጣ

የባጃጅ ነጂዎቹን ጠየቅኩ። ሁሉም ያውቁታል፤ ሲደነዝዝ እንግሊዝኛ ስለሚናገር “ፕሮፌሰሩ” ይሉታል። ይኸው፣ ልጄ ማዕረግ አግኝቶልኛል። አንደኛው እየሳቀ በእጁ አመለከተኝ።

ከአጥሩ ሥር ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። አንድ እግሩ ሸበጥ፣ ሌላው እግሩ የተቀደደ ጫማ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስድብ ከቢቸና ጀምሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ስሙን ስጠራው ዓይኑን ከፈተና ብዙ አየኝ።

“ማን ሞተ?” አለኝ።

“ማንም። ተነሥ፣ ቤት እንሂድ።”

“ግዝቱ ተፈታ?”

ከንጋት ጀምሮ ስዋሽ የዋልኩ ሴት፣ አንድ ውሸት ብጨምር ልጄ ይመጣል። ግን አፌ እሺ አላለኝም። አልተፈታም አልኩት።

“እንግዲያው አልገባም። እኔ ያው የተበላሸሁ ነኝ። አንቺን የተገዘተች አላደርግሽም።”

ተናደድኩ። “የአባትህን ጋቢ ስትሸጥ ይኼ ሃይማኖትህ የት ነበር?”

“ጋቢው አንቺን አያስቀስፍም፣ እማዬ” አለና አንገቱን ደፋ።

እኔ ያስገዘትኩበት ልጄ ፊት ኩራቴን ላሳይ ነው። እሱ ጆንያ ላይ ተኝቶ ስለ እኔ ነፍስ ይፈራል። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አጠገቡ አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ ለመንኩት፤ ባጃጆቹ እያዩ። ብዙ ቆይቶ እስከ በሩ ድረስ እመጣለሁ፣ ከበሩ ግን አላልፍም አለኝ።

5፡30፤ የመልስ ጉዞ

ያው ሾፌር ነው። ለቅሶው እንዴት ነበር ሲለኝ ሟቹ ይኸው ከጎኔ ተቀምጧል፣ ልጄ ነው አልኩት። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ፤ አምስተኛ ክፍልም ጥያቄ ሲከብደው እንዲሁ ነበር። ይበልጣል ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። የያዝኩትን ፌስታል ከፍቼ ግንባሩን ደገፍኩለት። ክኒን ግዢልኝ አለኝ፤ አልገዛም አልኩት። ሰደበኝ። ቆይቶ ትከሻዬ ላይ ተኛ።

9፡00፤ ቢቸና፣ ደጄ

እንዳለው ከበሩ አላለፈም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥሩዬ ወዲያው ብቅ አለች፤ ይቺ ሴት መኪና ሳይቆም ወሬው ይደርሳታል። ገብቼ ሽሮዬን አሙቄ፣ እንጀራ በትሪ ይዤ ወጣሁና ከልጄ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“ኧረ መንገድ ላይ? ሰው ምን ይላል?” አለች ጥሩዬ።

“ግዝቱ በሩ ላይ ነው” አልኳት። “እስከ ቅዳሜ የምንበላው እዚህ ነው። ነይ፣ እንብላ።”

አልመጣችም፤ አልሄደችምም። ይበልጣል ሊቆርስ ሲል ወጡን ልብሱ ላይ አፈሰሰው። እኔ አጎረስኩት።