አስማማው የሸጠው ቡድን

አስማማው ሲዲ አያበድርም። ለገዛ ወንድሙም አበድሮ አያውቅም። አሶሳ ውስጥ የእሱን ጌም ቤት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም የእኔ ፀጉር ቤትና የእሱ ጌም ቤት የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው። እዚያ ጎል ሲገባ እዚህ ምላጬ ይንቀጠቀጣል። በዚህ የተነሣ ጆሮው ጫፍ ላይ ያደማሁት ደንበኛ አንድ ሁለት አይደለም፤ ይቅርታ የሚጠይቀው ግን ሁልጊዜ እኔ ሙላው እንጂ አስማማው አይደለም።

ሰውዬው አርባ ዓመት አልፎታል። አባቱ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እዚያ የተዉት መሬት እንደሚጠብቃቸው፣ እዚህም ጥንድ በሬ እንደሚሰጣቸው በቃል ተነግሯቸው፣ ሁለቱንም ሳያዩ ሞቱ። "እጅህ ላይ የሌለ ንብረት፣ ንብረት አይደለም" ይሉት ነበር። አስማማው ይህችን ምክር በሬ ላይ ሳይሆን ሲዲ ላይ አዋላት። ስልሳ ሁለት ሲዲ አለው፤ ሁሉም በየሽፋናቸው ሆነው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፣ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነው። በሩ ላይ የውሃ ጆግና ሳሙና አለ። በማንጎ ወራት አሶሳ ውስጥ እጁ የማያጣብቅ ሰው ስለሌለ፣ ሳይታጠብ ጆይስቲክ የነካ ይባረራል። እኔ እንኳን ስንቱን ፀጉር በሳሙና ሳጥብ ውዬ ገብቼ፣ ድጋሚ ታጠብ ብሎኛል።

በእነዚህ ሲዲዎች የተነሣ ከወሰን ጋር ሳይጨቃጨቁ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። ወሰን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ አስማማው ይመጣል።

"አስሜ፣ አሁን እኮ ሰው በሲዲ አይጫወትም። ዲጂታሉን ያወርዳል፣ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል፣ አለቀ።"

"የት ነው የሚቀመጠው?"

"ማሽኑ ውስጥ።"

"እስኪ አሳየኝ።"

"የሚታይ ነገር አይደለም።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህችን ነው የምትሸጥልኝ?"

"ሲዲ እኮ ይጫራል።"

"የተጫረ ሲዲ በጥርስ ሳሙና ይወለወላል። ያንተ ላም ስትጠፋ በምን ትወለወላለች?"

ወሰን ይስቃል። አንድ ጌም ለማውረድ የእኛ ኢንተርኔት ከሰኞ እስከ ሐሙስ እንደሚፈጅ እሱም ስለሚያውቅ ብዙ አይከራከርም። እኔ በዚህ ክርክር የምደግፈው የዕለቱን ሻይ የጋበዘኝን ነው።

ከሲዲዎቹ ሁሉ አንዷ ግን የሁላችንም ነበረች። የዛሬ ስድስት ዓመት የወጣ የእግር ኳስ ጌም ነው። ይህ ጌም ተጫዋች መፍጠር ይፈቅዳል፤ መልኩን፣ ቁመቱን፣ ፀጉሩን፣ ስሙን። ምንይችል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ አስራ አንድ የሰፈር ሰው አንድ በአንድ አስገባና ቡድኑን "አሶሳ" አለው። አስማማውን፣ ንብረት ጠባቂ ነው ብሎ፣ ተከላካይ አደረገው። እኔን በረኛ አደረገኝ፤ ሆድም ጨመረልኝ። ለራሱ አስራ አንድ ቁጥርን ሰጠ፣ የሌለውን ቁመት አከለ፣ እኔ "አያምርብህም" ብዬ እምቢ ያልኩትን የፀጉር ቁርጥም እዚያ ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር አምሮበታል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ምንይችል በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገባ። ካርቱም ልብስ ቤት ተቀጥሮ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። እዚያ ጦርነቱ ሲነሣ ስልኩ ጠፋ። አየሁት የሚል ሰው የለም፤ የለም የሚልም የለም። እናቱ እትዬ የሺሀረግ መንገድ ዳር ማንጎና ለውዝ ይሸጣሉ። ሰው ሁሉ ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ስለ ልጁ ላለመጠየቅ ቶሎ ይለያቸዋል። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት እትዬ የሺሀረግ የተረፈ ማንጎ ይዘውልን ወደ ጌም ቤቱ ገቡ። ወሰን በአሶሳ ቡድን እየተጫወተ ነበር። አስራ አንድ ቁጥሩ ጎል አገባና ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ሴትዮዋ ሣህኑን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

"ይሄማ የኔ ልጅ ነው" አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሌላ ቡድን አይከፈትም። ተሸናፊ ከፋይ የሚለው የቤቱ ሕግ በዚያች ሰዓት አይሠራም። እትዬ የሺሀረግ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ የሚጫወተው ማንም ይሁን ኳሱን ለአስራ አንድ ቁጥር ያቀብላል። ከጨዋታ ውጪ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባቸውም። ልጁን ሲጠልፉት ግን "እግሩን ተው፣ አንተ" ይላሉ። ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካክለው "ዛሬስ ደህና ውሏል" ብለው ይሄዳሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ፀጉር አልቆርጥም። ግዴለም፣ ጎል ይግባ።

ዘንድሮ የማንጎው ወራት ሊያልቅ ሲል የአስማማው ማሽን እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። አዲስ ለመግዛት ቆረጠ። ወሰን የሲዲ ማስገቢያ የሌለውን፣ ረከስ የሚለውን ግዛ ቢለው "አፍ የሌለው ከብት አላረባም" ብሎ ሲዲ የሚጎርሰውን አስመጣ። አሮጌውን ባምባሲ ጌም ቤት ላለው ለጂራታ ሸጠለት፤ የጂራታ ማሽን ተቃጥሎበት ነበር። ጂራታ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን ሸኘን።

"አልቆጨህም?" አልኩት።

"ለምን ይቆጨኛል? አንዲት ሲዲ አልሰጠሁትም። ገመዱን ነው የሸጥኩለት፣ ላሟ እኔ ጋ ናት።"

እሑድ አሥር ሰዓት ሆነ። እትዬ የሺሀረግ ታጥበው ተቀመጡ። አስማማው ቁልፉን ካንገቱ አውልቆ ያቺን ሲዲ አወጣና አዲሱን ማሽን አጎረሰው። ጌሙ ተከፈተ፣ ቡድኖቹ ተደረደሩ። የእንግሊዞቹ አሉ፣ የስፔኖቹ አሉ፣ ብራዚል አለ። አሶሳ የለም። አስማማው ሲዲዋን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረጋትና መልሶ አስገባት። የለም። በጥርስ ሳሙና ወለወላት። የለም።

"መብራቱ እያስቸገረን ነው፣ እትዬ የሺ" አለ።

እሳቸው ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

"አብሽር፣ ሌላ ቀን ይመጣል" አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እሱን ማጽናናታቸው ነበር። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ነገሩን ያፈረጠው ወሰን ነው። "ሲዲው ላይ ያለው ፋብሪካው የሠራው ብቻ ነው፣ አስሜ። ምንይችል የሠራውን ያስቀመጠው ማሽኑ ውስጥ ነበር። ላሟን ሸጠህ ገመዱን ነው ያስቀረኸው።"

አስማማው ሲዲዋን ሽፋኗ ውስጥ መለሰና "እሺ፣ አሁን እዚያ አለ?" አለ።

"እንጃ። ሰው አሮጌ ማሽን ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ውስጡን መደምሰስ ነው።"

ለዚህ ለወሰን አንዳንዴ እውቀቱን በልክ የሚሰፋለት ሰው ያስፈልገዋል። አስማማው በዚያች ቅጽበት አሥር ዓመት አረጀ። ለጂራታ ቢደወል ስልኩ አይነሣም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ ደግሞ መዳብ መስሎን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ መንገድ ላይ እንዳይጋጭ ተጠንቀቅ ብለን ሸኘነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ሱቃችንን ዘጋን፤ ወሰንም ፈቃድ ጠይቆ ባምባሲ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርን። አስማማው ያቺን ሲዲ በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟታል። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። "ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?" አለ።

የጂራታን ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አላስፈለገንም። ገና ከመንገዱ ሳንታጠፍ በቆርቆሮው ውስጥ ጩኸት ተሰማን። "ለምንይችል ስጠው! ለምንይችል!" ይላል ሕፃን ሽማግሌው። አስማማው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ባጃጅ ነጂው ጥሩምባውን ቢነፋበትም አልሰማውም። ክንዱን ይዤ አሳለፍኩት።

ስንገባ ልጆቹ ዘወር አሉና እኔን አዩኝ። "በረኛው መጣ" አለ አንዱ፣ እንደ ተራ ነገር። ሁሉም ሆዴን ተመለከቱ።

"ወይ አስማማው፣ እንኳን መጣህ" አለ ጂራታ። "ማሽኗ በጣም ጎበዝ ነው። ይሄ ኳስ ጌም ሲዲው እኔም አለኝ፣ ያንተ ዓይነት ነው። ሳስገባው ይሄ ቡድን ወጣ። ልደመስሰው ነበር፣ ልጆቹ እምቢ አሉ። አስራ አንድ ቁጥር በጣም ይሮጣል፣ አቦ። ጠብ ሆነ። አሁን ሕግ አወጣሁ፣ አንድ ሰው ሁለቴ ተከታትሎ በእሱ አይጫወትም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄ ልጅ እውነት ሰው ነው?"

"ነው" አለ አስማማው። "እናት አለችው።"

ወሰን ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ማሽኑ ላይ ሰካ። የታዘዘው ሻይ ሳይቀርብ ሥራው አለቀ። ፍላሹን ነቅሎ ለአስማማው ሰጠው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም።

"አስራ አንዳችንም እዚህ ውስጥ ነን?"

"አዎ።"

"ከዚህስ ወጣን ማለት ነው?"

"የለም። እዚህም አለን። ተገለበጥን እንጂ አልተነቀልንም።"

አስማማው ይህ እንዴት እንደሚሆን አልገባውም፣ እኔም አልገባኝም። እሱ ግን ፍላሹን መዳፉ ውስጥ አድርጎ ጨበጠውና አሶሳ እስክንደርስ እጁን አልፈታም። ሲዲዋን ሚኒባሱ ላይ ሊረሳት ሲል ያነሣሁለት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ እሑድ አስራ አንድ ቁጥሩ ሜዳ ገባ። እትዬ የሺሀረግ "የት ከርሞ ነው?" አሉ። አስማማው መዋሸት አልቻለም፤ ከሽያጩ ጀምሮ ሁሉንም ነገራቸው። ባምባሲ ልጆቹ በስሙ ሲጮሁ እንደሰማ ሲያወራ ሴትዮዋ አግዳሚው ጫፍ ላይ መጡ።

"አሁን ባምባሲም አለ? እዚህም አለ? በአንድ ጊዜ?"

"ከፈለጉ መቶ ቦታ ይሆናል፣ እትዬ" አለ ወሰን።

ጥቂት አሰቡ። "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ለሸርቆሌ ስጡ፤ እዚያ ከሱዳን የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ለኩርሙክም ስጡ። ድንበር የሚሻገር ሾፌር ካለ ለእሱም ስጡ። የኔ ልጅ ምግብ ቤት ያልፋል እንጂ ጌም ቤት አያልፍም። አንድ ቀን የትም ይሁን የት፣ ቁጭ ብሎ ሲከፍተው ራሱን ያገኛል።"

አስማማው ተነሥቶ ወሰን ጎን ተቀመጠና "የቡድኑ ስም ይቀየራል?" ብሎ ጠየቀው። ይቀየራል። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በእንግሊዝኛው ፊደል አድርገው ጻፉት። አሶሳ የሚለው ቀርቶ ቡድኑ አሁን "ምንይችል ደውል" ይባላል።

በአስማማው በር ላይ፣ ከጆጉ ከፍ ብሎ፣ "ቡድን በነጻ ይገለበጣል፣ ፍላሽ ይዘው ይምጡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሸርቆሌ ሚኒባስ ረዳቶች ወስደዋል፣ ነጋዴዎች ወስደዋል፣ ኩርሙክ የሚመላለስ አንድ የጭነት ሾፌርም ወስዷል። ሲዲ ግን አሁንም አያበድርም፤ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሸርቆሌ አንድ ባለ ጌም ቤት ደውሎ ውጤት ነገረን። ምንይችል ደውል ሁለት፣ ብራዚል አንድ። እትዬ የሺሀረግ ስልኩን ከአስማማው እጅ ተቀበሉና "አስራ አንድ ቁጥሩ አገባ?" አሉ።

"ሁለቱንም ያገባው እሱ ነው" አላቸው።

ስልኩን ለአስማማው መለሱና የራሳቸውን ከጉያቸው አውጥተው ድምፁ መከፈቱን አዩ።