የሙሽራ እግር መሬት አይነካም

እንግሊዝኛ የጀመርኩት በአንድ እግሬ ቆሜ ነው። ልጅ እያለሁ፣ ጎንደር ቀሐ አካባቢ በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ታላቅ እህቴ ስንዱ ሊሾውን በከሰል እያሰመረች ሰኞ ማክሰኞ ትሠራልኝ ነበር። የሷ ሰኞ ማክሰኞ ግን ከሰፈሩ ልጆች ይለያል። በየቤቱ ውስጥ የምትጽፈው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ያውም የመሄድና የመዝለል ቃል ብቻ። ከወለቃ የተገዛ እንስራ ስባሪ ገል እወረውራለሁ፤ ገሉ ያረፈበትን ቤት ቃሉ እንዳዘዘ ማለፍ አለብኝ። "ሆፕ" ከሆነ በአንድ እግር እንጣጥ፣ "ክሮል" ከሆነ በዳዴ፣ "ዎክ" ከሆነ እንደ ትልቅ ሰው ዝግ ብሎ፣ "ጃምፕ" ከሆነ ሁለት እግር አጣምሮ ዱብ። "ስኪፕ" ለሚለው አማርኛ ስላጣችለት ግቢውን ራሷ እየዞረች አሳየችኝ። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ጎመኑ መሀል ሲወድቅ የሳቅነው ሳቅ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ስንዱ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። እግሯ አያርፍም። በር እያለ በአጥር ትገባለች፤ ደረጃ እያለ ከላይ ትዘላለች። አባታችን እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላና ጋውን ትሰፋ ነበር። ከሥራ ገብታ ሊሾው በከሰል ጠቁሮ ስታይ "ይቺ ፌንጣ! ማን ይሆን አንቺን የሚያገባ?" ትላለች። "ፌንጣ የሆነ ነዋ!" ትላታለች ስንዱ። እናቴ ሳቋን እንዳናይባት ፊቷን ታዞራለች። ማታ ማታ የጠቆረ ውስጥ እግሬን በሳሙና እያሸች ሁለታችንንም ትራገማለች፤ ከቀሐ ወንዝ ዳር የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። የልጅነቴ ጠረን ይኸው ነው፣ ከሰልና ባሕር ዛፍ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የኔ ዘመን ሰው የቱን እንደምል ያውቀዋል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር የወደቀውን እንዳናይ እናቶቻችን በነጠላቸው ይጋርዱን ነበር። የስንዱ ጓደኞች አንድ በአንድ ጠፉ። አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው እሷን ጠየቁ፤ እንደ ዕድል ቤት አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ እኛ ጋ አላደረችም። ዛሬ አክስታችን ቤት፣ ነገ አዘዞ እናቴ የምታውቃት ሴት ዘንድ እያለች ከቤት ቤት ትዘዋወር ጀመር። የሚቀበላት ቤት እያደር አነሰ። በሰው አልፈርድም፤ ደባቂው ከተደባቂው እኩል የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን እዘላለሁ፤ ጽሑፏ ሲደበዝዝ በላዩ ላይ በከሰል እደግምበታለሁ።

በጥር ወር የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ከመካነ ብርሃን ገብስ ጭኖ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ጋቢውን ተከናነበና "ሙሽራ ሆና ትውጣ" አለ። እናቴ ያበደ መሰላት።

"ምነው እቴ? ጥር አይደል እንዴ! ኬላው በሙሽራ በቅሎ ተጨናንቋል። የሙሽራን ፊት ማን ይገልጣል? ሸጋ ሸጋ ልጆች ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱ ሙሽራ፣ አንዱ ሚዜ ይሆናል። አገራችን ካስገባኋት ወዲያ እኔ አለሁ።"

ሌላ መላ አልነበረም። የሙሽራዋ ቀሚስና ካባ በውሰት ተገኘ፤ ዓይነ ርግቡን እናቴ ራሷ ሰፋችው። በዋዜማው ስንዱ ተደብቃ ስትመጣ ወንበር ላይ አስቀምጣ አለማመደቻት። "አንገትሽን ድፊ። ማንም ቢያናግርሽ እንዳትመልሺ። ከሁሉ ከሁሉ ግን እግርሽን አደራ! የሙሽራ እግር መሬት አይነካም። ሚዜው ካላነሳሽ አትነሺም፣ ካላወረደሽ አትወርጂም።"

"እንደ ጆንያ ነኛ!" ብላ ስንዱ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። ከቀሚሱ ሥር እግሯ ሲወዛወዝ አየሁት።

ጠዋት ሚዜው አቅፎ በቅሎ ላይ ሲያወጣት ጎንበስ ብላ "እማዬ ሊሾውን እንዳታጥበው ጠብቂልኝ" አለችኝ። እናቴ እንደ ደንቡ ቤት ቀረች። ጎረቤታችን እትዬ አበባ እየዘፈነች አጀበችን። እኔ የሙሽራዋ ታናሽ ስለሆንኩ ከአያ ደሴ ኋላ ተፈናጠጥኩ፤ እስከ ኬላው ሸኝቼ ከእትዬ አበባ ጋር ልመለስ ነው። ስንዱ እንደዚያ ዝም ብላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ወለቃ ስንደርስ መንገድ ዳር እንስራና ድስት የደረደረች ሸክላ ሻጭ ብድግ ብላ እልል አለችልን። ለአፍታ እውነተኛ ሰርግ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ኬላው ላይ ያስቆመን ጠመንጃ የያዘ ወጣት ነበር፤ አነጋገሩ የደጋ ሰው ነው። አያ ደሴን ከወንበሩ ተነስቶ ነው ሰላም ያለው። "ሙሽራዪቱን አልነካም፣ አያ። ኮርቻውን ብቻ ልየው፤ መሣሪያ እያሳለፉ አስቸገሩን። አውርዷት" አለ። አያ ደሴ በረዥሙ ተነፈሰ፤ ጀርባው ሲላላ በእጄ ተሰማኝ። ሚዜው ልጓሙን ለሌላው አቀብሎ ሊያወርዳት ዞረ። እጁ ሳይደርስባት ስንዱ ካባዋን ሰብሰብ አድርጋ ዱብ አለች። ልክ ሊሾው ላይ እንደምታደርገው፣ ሁለት እግሯን አጣምራ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ መሬት ነካችና ቀጥ ብላ ቆመች።

እትዬ አበባ ዘፈኗን አቋረጠች። ባለጠመንጃው ልጅ የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ግራ የተጋባ ነው የሚመስለው። "ምነው አያ፣ ሙሽራ በእግሯ ትወርዳለች?" አለ። የአዲስ አበባ ካድሬ ቢሆን ልብም አይለው። እሱ ግን እህቶቹ በበቅሎ ሲሄዱ እያየ ያደገ ነው። ቀረብ ብሎ ዓይነ ርግቡን በጠመንጃው አፈሙዝ ከፍ አደረገው። ስንዱ የምታየው እኔን ነበር። ምን እንዳጠፋች የገባት ያኔ ይመስለኛል፤ እግሮቿን አየቻቸው። እነሱን ይዘው ሲወስዷቸው እትዬ አበባ እጄን ይዛ ወደ ከተማ መለሰችኝ፤ መንገዱን ልሩጠው፣ ልራመደው፣ እስከዛሬ አላውቅም።

አያ ደሴና ልጆቹ ታስረው ከርመው ተፈቱ። ስንዱ አልተፈታችም። እናቴ ወደ እስር ቤቱ ምግብ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን "ከእንግዲህ አታምጪ" ተባለችና ሳህኑን እንደ ሞላ ይዛ ተመለሰች። ነገሩ በቃ ያ ነው፤ ሌላ መርዶ አልነበረም። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለሆነ ደረቷን እንኳ መምታት አልቻለችም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጨርቅ ሳታስገባ ፔዳሉን ትረግጣለች፤ የመኪናው ጩኸት የሷን ይሸፍንላታል። ሊሾውን አላጠበችውም። ክረምቱ ነው ያጠበው።

እስክትሞት ድረስ "እግሯ ነው የበላት" ትል ነበር። እኔ በእግሯ አልፈርድም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የዘለለ እግር በአንድ ሌሊት ጆንያ ሁን ቢባል ከየት ያመጣዋል? የምናደደው ፌንጣ የሆነች ልጅ እንደ ፌንጣነቷ መኖር ባልቻለችበት በዚያ ጊዜ ላይ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል፣ ያንገበግበኛል።

አሁን የልጅ ልጄ እነዚያኑ ቃላት ከስልክ በዘፈን ተምራ መጥታለች። ከሰልም ገልም አያስፈልጋትም፤ የኛው ሊሾ ሴራሚክ ለብሷል። ስልኩ ይዘፍናል፣ እሷ ትከተላለች። ሆፕ ሲል እስቃለሁ። ስኪፕ ሲል ጎመኑ መሀል የወደቀው ነጠላ ጫማ ይታየኛል። ጃምፕ ሲል ግን፣ ምን እንደሚነካኝ እንጃ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ከብብቷ እይዛታለሁ።

"እምዬ፣ ልቀቂኝ እንጂ! ራሴ እችላለሁ" ትለኛለች።

ስንዱም ትችል ነበር።